በየዓይነቱ ስለ ማንበብ

ስለ ንባብ ጥቅም ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። ስለዚህ ዛሬ «ማንበብ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?» እያልን የአንባቢን ጊዜ አናባክንም። የምናነሣው ጥያቄ ከዚህ ጠበብ ያለ ነው፤ ይኸውም የሆሳዕና፥ የሾኔ፥ የጊምቢቹ፥ የዱራሜ፥ የአንጋጫና የሺንሺቾ ወጣት በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ከተጻፉት መጻሕፍት ምን ምኑን ያንብብ? ከአንዱ ዓይነት ብቻ ወይስ ከየዓይነቱ? የሚል ነው። የእኛ መልስ ከየዓይነቱ ነው፤ ምክንያታችንንም ቀጥለን እናስረዳለን።

እንደሚታወቀው የአገራችን ተማሪ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚቀበለው በእንግሊዝኛ ነው። ይሁን እንጂ ከእኩዮቻችን ብዙዎቹ ቋንቋውን የያዙት ወንዝ እስኪሻገሩ እንደሚይዙት ምርኩዝ ነው፤ ማዶ ሲደርሱ ይጥሉታል። ደብተሩ ተሸምድዶ ፈተናው ከታለፈና የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ እንግሊዝኛው ሥራ ይፈታል። ሥራ የያዘው ወጣትም የሚያነበው መመሪያ፥ ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ ብቻ ይሆናል። ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. ለተቋቋመው ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ዋና መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ብዙ ወጣት ሠራተኞች ተሰብስበውባታል፤ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም በዚያው በሆሳዕና በየዓመቱ ተማሪ ያስመርቃል። እንግዲህ ማንበብ የሚችል ሰው ሞልቷል፤ የጐደለው ከፈተናና ከመሥሪያ ቤት ወረቀት አልፎ የማንበብ ልማድ ነው። ፈረንሳይኛማ ጭራሽ የሚያስበው የለም።

ነገር ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ለዚህ ምድር እንግዶች አይደሉም። በ1920ዎቹ ዓመታት የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን ሰዎች እንግሊዝኛቸውን ይዘው ወደ ሆሳዕና መጡ፤ በዚያው ዘመን ገደማ የፈረንሳይ ካፑቺን መነኮሳት በከምባታ ዋሰራ ሰፈሩ። የስብከታቸውን ነገር ለሌላ ጸሐፊ እንተወዋለን። እኛ የምናስታውሰው ሁለቱ የአውሮፓ ቋንቋዎች በአንድ ዘመን፥ በጐረቤታሞች አገር ይሰሙ እንደ ነበር ነው። በአዲስ አበባም ከጣሊያን ወረራ በፊት የተማረው ሰው ቋንቋ በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ግን ቦታውን እንግሊዝኛ ወረሰው። «ለገሃር» እያልን የምንጠራው ስፍራ ስሙን ያገኘው የባቡር ጣቢያ ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል መሆኑን ማን ያስታውሳል?

ምናልባት አንድ ወንድም ተነሥቶ፥ «ሀዲይሳና ከምባቲሳ እያሉ፥ አማርኛም እያለ፥ የሰውን ቋንቋ ምን አስፈለገን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የራሱን ቋንቋ ንቆ የሰው ቋንቋ የሚያሳድድ ወጣት ሲገኝ እኛም ከወቃሾቹ ጋር እንቆማለን። ሆኖም የገዛ ሀብታችን አንዱ ክፍል በእነዚያ ቋንቋዎች ተጽፎ መቀመጡን ማወቅ ያስፈልጋል። የተቀመጠበትን ቤት ቋንቋ የማያውቅ ሰው አደራውን እንዴት ይቀበላል?

የእቴጌ እሌኒን ነገር እንውሰድ። እቴጌ እሌኒ የሀዲያው የገራድ መሐመድ ልጅ ነበሩ፤ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሚስት ሆነው በቤተ መንግሥቱ ረጅም ዘመን ኖሩ። በእርጅናቸው፥ በ1500 ዓ.ም. አካባቢ፥ ሕፃኑ ዐፄ ልብነ ድንግል በነገሡ ጊዜ መንግሥቱን በሞግዚትነት ካስተዳደሩት ዋነኛዋ እርሳቸው ነበሩ፤ ማቴዎስ የተባለውንም መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ወደ ማኑኤል ላኩ። የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዜና መዋዕል የተጻፈው በግዕዝ ነው። ፔሩሾን የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ግዕዙን ከፈረንሳይኛ ትርጕሙ ጋር እ.አ.አ. በ1893 ፓሪስ ላይ አሳተመው። እንግዲህ ግዕዝም ፈረንሳይኛም የማያውቅ የሆሳዕና ተማሪ ከገዛ አገሩ ስለ ወጣችው ንግሥት የሚያውቀው ሌላ ሰው ቈንጥሮ ያቀበለውን ያህል ብቻ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዐረባዊ ጸሐፊ አል ዑመሪ የሀዲያ ንጉሥ 40,000 ፈረሰኛ እንደሚያሰልፍ፥ እግረኛውም ከዚያ እጥፍ እንደሚበልጥ ጽፏል። መጽሐፉን ጎድፍሯ ዴሞምቢን እ.አ.አ. በ1927 ወደ ፈረንሳይኛ መለሰው። ስለ ከምባታም እንዲሁ ነው። እ.አ.አ. በ1613 የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ ከዐፄ ሱስንዮስ መልእክተኛ ከፍቁረ እግዚእ ጋር ሆኖ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚያወጣ መንገድ ሊፈልግ ወደ ደቡብ ወረደ። ከምባታም ደርሰው የአገሩን ገዥ ሐመልማልን አገኙት፤ ወደ አላባ ሲሻገሩ ግን ተይዘው ወደ መጡበት ለመመለስ ተገደዱ። ይህ የጕዞ ታሪክ በቴሌዝ መጽሐፍ ውስጥ እ.አ.አ. በ1710 በእንግሊዝኛ ለንደን ላይ ታትሟል። የለንደን አንባቢ ከምባታ የሚለውን ስም ካየ ከ300 ዓመት በላይ ሆኗል ማለት ነው።

ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ ደግሞ ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውኬምፐር የሀዲያን ሕዝብ ታሪክ እ.አ.አ. በ1980 በጀርመንኛ አሳተመ፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የወጣው በ2012 ነው። በመካከሉ 32 ዓመት አለፈ። ይኸው ሰው ከጥላሁን ሚሻጎ ጋር ሆኖ የሀዲያን የውዳሴና የሽሙጥ ዘፈኖች ሰብስቦ እ.አ.አ. በ1999 ፍራንክፈርት ላይ በእንግሊዝኛ አውጥቷል። አያቶቻችን በሰርግና በደቦ ያዜሙትን ዜማ ከእኛ ይልቅ የፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት በጥንቃቄ ይዞታል ብንል የተጋነነ አይሆንም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቋንቋው ነው። አሁን ወደ ዋናው ነገራችን፥ ስለ መጻሕፍቱ ዓይነት እንመለስ። አንባቢ ሆይ፥ ከላይ የጠቀስናቸውን መጻሕፍት ልብ ብለህ ተመልከታቸው፤ አንዱ ዜና መዋዕል ነው፥ ሁለተኛው የሩቅ አገሮች መግለጫ ነው፥ ሦስተኛው የጕዞ ማስታወሻ ነው፥ አራተኛው የሊቅ ጥናት ነው፥ አምስተኛው ዘፈን ነው። እያንዳንዱ የሚያየው አለው፤ የማያየውም አለው። ዜና መዋዕል ጸሐፊው የንጉሥ ሰው ነውና ገራድ ማሂኮ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ላይ ማመፁን ሲተርክ ፍርዱን አስቀድሞ ሰጥቷል፤ ማሂኮ ምን በደል እንደ ተሰማው አይጠይቅም። አል ዑመሪ ኢትዮጵያን ሳያይ ከመንገደኞች የሰማውን ነው የጻፈው። ፈርናንዴዝ መንገዱንና ገዥዎቹን አይቷል፤ ሰውን ሁሉ ግን በራሱ ሃይማኖት ሚዛን ይመዝናል። ሊቁ ዘመንና ትውልድ ይቈጥራል፤ ሳቅና እንባ ግን ከሥራው ውጭ ይሆንበታል። ዘፈኑ ሳቁንና እንባውን ይዟል፤ ዘመኑን ግን አይነግረንም።

በአገራችን ልማድ ዳኛ በአንድ ምስክር ቃል አይፈርድም። ሽማግሌም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይነሣም። ታዲያ በአንድ ዓይነት መጽሐፍ ብቻ ስለ ዓለም የሚፈርድ ወጣት ከእነዚህ አባቶች ያንሳል ማለት ነው። ከየዓይነቱ ማንበብ ብዙ ምስክር መስማት ነው። ለሹም ደግሞ ይህ ልማድ ከጌጥ በላይ ነው። ነገ አንድ ባለ ጉዳይ በሩን ሲያንኳኳ፥ የቀረበለት ማመልከቻ ምን እንደሚል ብቻ ሳይሆን ምን እንዳልተናገረም ሊጠይቅ የሚችለው በዚህ የለመደ ሹም ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚናቀው ልብ ወለድ ነው። «የሌለ ሰው ታሪክ ምን ያደርጋል? ቁም ነገር አንብብ» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን በዚህ ነገር አጥብቀን እንከራከራለን። ማስረጃችንንም ከራሳችን ሰፈር እናመጣለን።

ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ከሀዲያና ከከምባታ ስንት ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደ ሄደ የማያውቅ ቤተሰብ የለም። አንዳንዱ ቀንቶት ሱቅ ከፈተ፥ ለእናት ለአባቱም ቤት ሠራ። አንዳንዱ ሱቁ ውስጥ በሽፍታ ጥይት ወደቀ። አንዳንዱ ደግሞ ከመንገድ ቀረ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ የቴቴ ክፍለ ሀገር በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴነር ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደ ሆኑም ተነገረ። ጋዜጣ ይህን ቍጥር ነገረን፤ ተግባሩን ፈጽሟልና አንወቅሰውም። ነገር ግን 64 ሲባል ሰምተን ቡናችንን ጠጥተን ወደ ሥራችን ሄድን።

አሁን ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ጸሐፊ አለን ፔይተን እ.አ.አ. በ1948 በእንግሊዝኛ ያሳተመውን፥ ርእሱ «የተወደድሽ አገር ሆይ፥ አልቅሺ» እንደ ማለት የሆነውን ልብ ወለድ አንሡ። ስቲቨን ኩማሎ የሚባል ሽማግሌ የገጠር ቄስ ወደ ጆሃንስበርግ ሄደው የቀሩትን እኅቱንና ልጁን ሊፈልግ ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ ባቡር ይሳፈራል። ከቤት ቤት፥ ከሰፈር ሰፈር ይጠይቃል። በመጨረሻ ልጁን ያገኘዋል፤ ያገኘው ግን ሰው ገድሎ ታስሮ ነው። ይህን መጽሐፍ ያነበበ የዱራሜ ወጣት ስለ ጆሃንስበርግ ደላላው ያልነገረውን ያውቃል። ከዚያም በላይ ስልክ የሚጠብቅ አባት ሌሊቱን እንዴት እንደሚያነጋ ያውቃል። ኩማሎ በዓለም ላይ ኖሮ አያውቅም፤ ሆኖም በሾኔና በአንጋጫ ስንት ኩማሎ አለ! መጽሐፍ ሰውን ከመንገድ ይመልሳል አንልም፤ ድህነት ያስነሣውን ሰው ምክር ብቻ አይመልሰውም። የሚሄደው ግን ዐውቆ ይሂድ፤ የሚቀረውም የሄደውን ሰው አይርሳ። በቢሮው ተቀምጦ ስለ ስደት ሪፖርት የሚጽፈው ወጣት ሹም ደግሞ ቍጥሩን ሲሞላ አባትየው ይታየው።

የፈረንሳይኛውም ወገን እንዲሁ ባለ ብዙ ትምህርት ነው። የሴኔጋሉ ጸሐፊ ሴምቤን ኡስማን እ.አ.አ. በ1962 ባሳተመው የአጫጭር ታሪኮች መጽሐፍ ውስጥ ዲዋና የምትባል ልጃገረድ አለች። ከዳካር ተነሥታ አሠሪዎቿን ተከትላ ወደ ፈረንሳይ አገር ትሄዳለች። የባሕሩን ዳር ከተማ አያለሁ ብላ ነበር፤ ያየችው ወጥ ቤቱን ብቻ ነው። ሰው እንደሌለባት ሆና በሰው ቤት ስትኖር ተስፋዋ ያልቅና ራሷን ታጠፋለች። እኅቶቻችን ወደ ዐረብ አገር ሲሄዱ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሸኘ ሰው ይህችን ታሪክ እንደ ባዕድ ታሪክ ሊያነብባት ይችላልን? በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ብቻ የሚያነብ ሰው ከአፍሪካ እኩሌታውን አላየም ብንል ትንሽ ነው ስሕተታችን፤ ከዳካር እስከ ኪንሻሳ ያሉት ወንድሞቻችን ብዙውን የጻፉት በፈረንሳይኛ ነውና።

ተውኔትንም መዘንጋት የለብንም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሼክስፒርን ኦቴሎን፥ ማክቤዝንና ሐምሌትን፥ የሞልየርንም ታርቱፍን ወደ አማርኛ መልሰዋል። በአንድ ብዕር ለንደንንና ፓሪስን ወደ አዲስ አበባ መድረክ አመጡ ማለት ነው። ከእርሳቸው በፊት ከበደ ሚካኤል የሼክስፒርን ሥራ «ሮሜዎና ዡልዬት» ብለው ሲመልሱ፥ ያች «ዡ» ከእንግሊዝኛው አነባበብ ይልቅ ወደ ፈረንሳይኛው የቀረበች ናት። ታርቱፍ እ.አ.አ. በ1664 መጀመሪያ ሲታይ ተከልክሎ የተፈቀደው በ1669 ነው። ስለ ምን ተከለከለ? ጸሎተኛ መስሎ ሰው ቤት ገብቶ ቤቱን የሚዘርፍ አስመሳይ ስለሚያሳይ ነው። ይህን ተውኔት ያነበበ ወጣት ሹም በአንደበቱ ጻድቅ፥ በእጁ ሌባ የሆነ ባልደረባ ሲገጥመው ቶሎ ያውቀዋል። የሥነ ምግባር መመሪያ «ጉቦ አትቀበል» ይላል፤ ተውኔቱ ግን ጉቦ የሚቀበለው ሰው እንዴት እንደሚራመድ፥ እንዴት እንደሚምል ያሳያል።

«ይህ ሁሉ ለትልቅ ከተማ ሰው ነው» የሚል ካለ ከሀዲያ ድንበር ማዶ ወዳለው ወደ ጉራጌ አገር ዞር ብሎ ይመልከት። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ከዚያ የወጡ ደራሲ ናቸው። መጀመሪያ የጻፉት በእናታቸው ቋንቋ በቸሃ ነው፤ ያንንም ሥራ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.አ.አ. በ1964 «የሺነጋ መንደር» በሚል ትርጕም ባለው ርእስ ታተመ። ቀጥለው እ.አ.አ. በ1969 «አፈርሳታ»ን ራሳቸው በእንግሊዝኛ ጻፉ። በአማርኛም ልብ ወለድ ደረሱ፤ የቪክቶር ሁጎንም ትልቅ ሥራ «ምንዱባን» ብለው መለሱልን። እኒህ ሰው ብዙ በማንበባቸው መንደራቸውን አልረሱም፤ እንዲያውም የመንደራቸው ኑሮ መጽሐፍ ሊሆን የሚገባው መሆኑን ያስተማራቸው ይኸው ብዙ ማንበብ ይመስለናል።

አሁን ደግሞ ወደ ችግሩ እንምጣ። መጽሐፍ ውድ ነው፤ በሆሳዕናና በዱራሜ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ የፈረንሳይኛውማ አይነሣ። ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በወጣቱ ኪስ ውስጥ ስልክ አለ። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «ጋሊካ» በተባለው ክፍሉ አማካይነት የቈዩ መጻሕፍትን ያለ ዋጋ ለዓለም ሁሉ ከፍቷል። «ኢንተርኔት አርካይቭ»ና «ፕሮጀክት ጉተንበርግም» እንዲሁ ያደርጋሉ። ማታ ማታ ለቀልድ ቪዲዮ ከሚጠፋው የኢንተርኔት ሒሳብ ጥቂቱ ለመጽሐፍ ቢውል ብዙ መጻሕፍት ይገኙበታል።

ፈረንሳይኛም እንደሚፈራው አይደለም። እንግሊዝኛ ያነበበ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ ምክንያቱም ኖርማኖች እ.አ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ገብተዋል። መናገሩ ቢያስቸግር እንኳ ለማንበብ የሚበቃውን ያህል በራስ ጥረት መማር ይቻላል። ጀማሪው ከከባዱ አይነሣ፤ እ.አ.አ. በ1943 የታተመውን የሳንቴግዙፔሪን «ትንሹ ልዑል» ያንብብ፤ ቀጥሎ እ.አ.አ. በ1942 የወጣውን የካሙን «ባዕዱ» ይሞክር፤ ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ግልጥ ናቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ፔሩሾን ሄዶ እቴጌ እሌኒን በዚያ ይፈልጋቸው።

ለዚህም የሚሆን ቀላል ሥርዐት እናቀርባለን። አንደኛ፥ አንባቢው በየሦስት ወሩ የመጽሐፉን ዓይነት ይለውጥ፤ ታሪክ ካነበበ ቀጥሎ ልብ ወለድ፥ ከዚያ ተውኔት ወይም ግጥም፥ ከዚያ የጕዞ ወይም የሳይንስ መጽሐፍ ያንብብ። ሁለተኛ፥ አራት ወይም አምስት ባልንጀሮች አንድ መጽሐፍ ተዋጥተው ገዝተው እየተቀባበሉ ያንብቡ፤ እሑድ ቡና ሲጠጡም ይከራከሩበት። ሦስተኛ፥ ያነበቡትን ከሁሉ በሚያስቡበት ቋንቋ፥ በሀዲይሳም ሆነ በከምባቲሳ ወይም በአማርኛ፥ በአንድ ገጽ ይጻፉ። በራስ ቋንቋ መልሶ መናገር ያልተቻለ ነገር ገና አልገባንም ማለት ነውና።

ከመሥሪያ ቤቶችም የምንጠይቀው አንድ ነገር አለን። በሆሳዕናና በዱራሜ ባሉት ቤተ መጻሕፍት፥ በዩኒቨርሲቲውም ጭምር፥ በማናቸውም ቋንቋ ስለ ሀዲያና ስለ ከምባታ የተጻፈው ሁሉ በአንድ መደርደሪያ ይሰብሰብ። ዜና መዋዕሉ ከዘፈኑ አጠገብ፥ የጕዞው መጽሐፍ ከጥናቱ አጠገብ ይቀመጥ። ወጪው ከአንድ ትልቅ ስብሰባ የምሳ ሒሳብ አይበልጥም ብለን እንገምታለን። መደርደሪያው ከተገኘ አንባቢው ይመጣል፤ አንባቢው ከመጣ ተርጓሚው ከመካከሉ ይወጣል።

የሎቦን የጕዞ መጽሐፍ ታሪክ እናስታውስ። ሎቦ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው መጽሐፍ እ.አ.አ. በ1728 በፈረንሳይኛ ታተመ፤ ከፈረንሳይኛው ሳሙኤል ጆንሰን እ.አ.አ. በ1735 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ይኸው ጆንሰን እ.አ.አ. በ1759 ስለ ኢትዮጵያዊው ልዑል ስለ ራስላስ ልብ ወለድ ጻፈ፤ ያንን ደግሞ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ አመጡት። ነገሩ ከአገራችን ወጥቶ በሁለት ቋንቋ በኩል ዞሮ ወደ አገራችን እስኪመለስ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ፈጀ። የእቴጌ እሌኒ ታሪክ ወደ ሀዲይሳ፥ የፈርናንዴዝም የከምባታ ጕዞ ወደ ከምባቲሳ ለመመለስ ሌላ ሁለት መቶ ዓመት መጠበቅ አለበትን? ከዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች መካከል አንዱ ወይም አንዲቱ ከዛሬ ጀምሮ በሳምንት አንዲት ገጽ ቢተረጕሙ ሥራው በጥቂት ዓመት ያልቃል። ገጹም ስሕተት ቢኖርበት የሚያርመው ሌላ አንባቢ ይነሣል፤ እንዲህ እያለ ነው መጽሐፍ የሚጻፈው እንላለን።